አራተኛው ልጅ

ሲኒማ ራስ ታክሲው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ የአንዲት እናት የበርበሬ ዘንቢል ጉልበቴን ተጭኖኛል። እሳቸው አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ ጎረቤታቸውን ይቆጡታል።

«ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ፤ አንተ ዛሬም እግዜር የለም ትላለህ?»

«የለም ብዬ አልምልም፣ እትዬ። እስካሁን አላገኘሁትም ነው የምለው። እርስዎ ሲነግሩኝ እሰማለሁ።»

«መስማቱንማ ትሰማለህ። ራስህን ትነቀንቅና እዚያው ነህ። ስትሞት የት ልትቀበር ነው?»

«እድር አለኝ አይደል?»

«እድር ድንኳን ይተክላል። ቤተ ክርስቲያን ግን የንስሐ አባቱ ማነው ብላ ትጠይቃለች። ማንን ልትጠራ ነው?»

«እንግዲህ ማንም የለኝም።»

«አለህ። አዲሱ የንስሐ አባቴ ልጆችሽ ስንት ናቸው ቢሉኝ፣ አራት አልኳቸው።»

«ሦስት አይደሉም እንዴ?»

«አንተን ቆጥሬ ነዋ። በስተርጅና ቄስ ፊት አስዋሸኸኝ።»



«ታዲያ ቤት ሲመጡ ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበል። እሳቸው ፊት እትዬ እንዳትለኝ ብቻ።»

ዘንቢሉን ጠጋ ያድርጉልኝ ልላቸው የነበረውን ትቼ፣ እንዳይንሸራተት በሁለት እጄ ያዝኩላቸው።