ከፊርማ በፊት የተሰጠ ምስክርነት

አሳየች ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማለች፤ ለተማሪዎች ዩኒፎርም የምትሰፋውን ጨርቅ ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። ሰልፉ አልነቃነቅ ብሎ ሳለ አንዲት ነጭ መኪና አጠገቧ ቆማ መስኮቷ ወረደ። ጋሽ ኢታና ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። ልጇ ጊፍቲ በሶፍትዌር ምህንድስና ስትመረቅ ሥራ ያገኙላት እሳቸው ናቸው። ከሲ.ኤም.ሲ መጥተው ወደ የካ ሚካኤል መሄዳቸው ስለነበር እንድትገባ ጋበዟት። እየመረቀች ገባች።

ምርቃቷን አላስጨረሷትም። ልጅቷ ትናንት ድርጅቱ ድረስ ሄዳ የቀረበልኝ ደመወዝ ያንሳል ማለቷን፣ ለማሰብም ጊዜ ስጡኝ ብላ መውጣቷን ነገሯት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እያዘኑ ነው የሚያወሩት፤ አሳየችን ያቃጠላትም ይኸው ሐዘናቸው ነው።

«አይዞሽ እህት አሳየች» አሏት ሲያወርዷት። «ሥራ አስኪያጁን አብርጄዋለሁ። አትስጋ፣ እናቷ በጉባኤ ፊት መስክራለች፣ የትም አትሄድም አልኩት።»

እውነት ነው፣ መስክራለች። ባለፈው እሁድ ማይክ ተቀብላ፣ እግዚአብሔር ለልጄ ሥራ ሰጣት ብላ፣ አዳራሹ በእልልታ ሲናወጥ እያለቀሰች ነው ወደ ቦታዋ የተመለሰችው። አሁን ያ ሁሉ ሰው ምን ሊላት ነው? ወደ ቤቷ የሚወስደውን የኮብልስቶን ዳገት እስከ ባሕር ዛፉ ሥር ሳታርፍ ወጣችው። ሌላ ቀን ሁለት ጊዜ ነው የምትቀመጠው።

ጊፍቲ አልጋው ጫፍ ላይ ላፕቶፗን ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«ዝጊው» አለቻት። «በእግዚአብሔር ስጦታ ላይ ዋጋ የምትከራከሪው ማን ነኝ ብለሽ ነው?»

«እማዬ፣ መቆጣቱን ተቆጪ፤ ግን ሰምተሽኝ ተቆጪ።»

ጊፍቲ ላፕቶፑን ዘግታ አስረዳች። የቀረበላት አሥራ ስምንት ሺህ ብር ነው። ድርጅቱ በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ ሲሆን፣ ሞተረኞቹ ዛሬ በስልካቸው የሚሠሩበትን ፕሮግራም ገና ተማሪ ሆና፣ እዚያው ለልምምድ በገባች ጊዜ የጻፈችው እሷ ናት። አብራት የተመረቀችው ሩሃማ ሌላ ቦታ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሃያ ስምንት ሺህ ይከፈላታል። ስለዚህ አመስግና፣ የሠራችውን አስታውሳ፣ ሃያ ስምንት ጠየቀች። ከሙከራ ጊዜው በኋላ የሚከፈላትም በጽሑፍ እንዲገባላት ለመነች። ማንንም አልሰደበችም።

አሳየች ይህን ሁሉ ሰምታ አልበረደችም። የሰው ማዕድ ምን ያሳይሻል አለቻት። ጨዋ ልጅ ደመወዝ ሲጠሩላት እናንተ እንዳላችሁ ይሁን ነው የምትለው አለቻት።

ይህችን ቃል ለሴት ልጆቻችን አፍ ከሚፈቱበት ጊዜ ጀምሮ እናስተምራቸዋለን። ጨዋነት እንላታለን። በዚህች ጨዋነት የስንቷ ላብ እንደሚበላ ግን ቁጭ ብለን አናስብም።

«አንቺስ ለትምህርት ቤቱ ስትሰፊ እናንተ እንዳላችሁ ትያቸዋለሽ?» አለች ጊፍቲ።

«እኔ የምሸጠው ልብስ ነው። አንቺ ራስሽን ልትሸጪ ነው?»

«ሥራዬን ነዋ። ደግሞ ነገሩ የዘንድሮ ብቻ አይደለም። የከርሞውን ጭማሪ የሚያሰሉት ከዘንድሮው ተነሥተው ነው። መነሻው ዝቅ ካለ ዓመት በመጣ ቁጥር ዝቅ እንዳልኩ እኖራለሁ።»

ነገሩ ገብቷታል፤ መሸነፉን ግን አልወደደችውም። ስለዚህ የመጨረሻዋን አመጣች። «አንቺ ስትኮሪ ጋሽ ኢታና ነገሩን እንዴት እንደያዙልሽ ታውቂያለሽ? እናቷ መስክራለች፣ የትም አትሄድም ብለው ነው ያበረዱልሽ።»

ጊፍቲ ቀና ብላ አየቻት። «እስቲ ድገሚው» አለቻት።

አሳየች ደገመችው። «እናቷ መስክራለች፣ የትም...» ስትል አፏ ላይ ቀረ። አሁን ነው የሰማችው። ለአምላኳ ያቀረበችውን ምስጋና ወስደው ለሥራ አስኪያጅ መያዣ አድርገው ሰጥተውታል። ልጅቷን አስረክበው ነው የመጡት፤ እሷም በመኪናቸው ተሳፍራ መርቃቸዋለች። ፊቷ ጠቆረ። ስልኳን አነሣች።

«ጋሽ ኢታና፣ ያ ምስክርነት ለማን ነበር?»

«ለእግዚአብሔር ነዋ፣ እህት አሳየች።»

«ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ምን ወሰደው?»

ለልጅቷ ብዬ ነው አሉ። ቀጥለውም ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ልጆችን የሚመርጠው ስለማይከራከሩት ነው፣ ይህን ስም ብናበላሸው ነገ ለሌሎቹም በሩ ይዘጋል አሉ።

«የእርስዎ ልጅ ፍሮምሳ ሲቀጠርስ?»

«እሱማ... ደመወዙን ተነጋግረን ነው ያስገባነው።»

«እንግዲያው እኛም እንነጋገራለን» አለችና ዘጋችው።

በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ማይኩን ጠየቀች። «ባለፈው የመሰከርኩት ቸኩዬ ነው» አለች። «ልጄ አልፈረመችም። ደመወዟን እየተነጋገረች ነው፤ ካልተስማሙ ሌላ ትፈልጋለች። እግዚአብሔር ያለው በር አንድ ብቻ አይደለም።» እልል ያለ አልነበረም። ከመዘምራኑ አንዲት ልጅ አጨበጨበችና ደንግጣ አቆመች። ጋሽ ኢታና ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሳምንቱ ሳያልቅ ደወለ። የትም አትሄድም የተባለችው ልጅ መሄድ እንደምትችል ሰምቷል። ሃያ ስምንቱን አልሰጠም፤ ሃያ አምስት፣ ከሙከራው በኋላ ጭማሪ፣ የሥራው ሰዓትም በውሉ ላይ ተጽፎ። ጊፍቲ ውሉን እቤት አምጥታ መስመር በመስመር ለእናቷ አነበበችላት፤ ያልገባቸውን ጠየቀች፣ ያልተስማማቸውን አስለወጠች፤ ከዚያ ፈረመች። የሰማይ ቁጣ አልወረደም። በር ይዘጋባቸዋል የተባሉትም ልጆች ከእሷ በኋላ ሲቀጠሩ አሥራ ስምንት የሚላቸው ጠፋ።

እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን መጠየቅ አስተምሩ። ጓደኞቻቸው ስንት እንደሚያገኙ ይጠያየቁ፤ ደመወዝን መደባበቅ የሚጠቅመው ቀጣሪውን ብቻ ነው። የሚችሉትን ሥራ በገዛ አፋቸው ይናገሩ። ለማሰብ ጊዜ ይለምኑ፣ የተስማሙበትንም ያጽፉ። ልጅ ያስቀጠረ ሽማግሌ ይመስገን፤ ልጅቷ ግን የእሱ ዕቃ አይደለችም።

አሳየች ዛሬም ንዴቷ አልለቀቃትም። በቀደም ጎረቤቷ ዘሙሩድ፣ ልጄ ሀውላ ሥራ አገኘች ብላ ክዳን ባለው ሰሃን ቴምር ይዛላት መጣችና ከፈተችላት። አሳየች ስፌቷን አቁማ ሰሃኑን አየችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ፈርማለች?»

«ኧረ ገና ነው፣ ሰኞ ነው የሚያስፈርሟት።»

«ስንት እንደሚከፍሏትስ ጠይቃለች?»

ዘሙሩድ እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል ብላ ፈገግ አለች። አሳየች ተነሥታ ከቴምሩ ላይ ክዳኑን መለሰችበት።

«ሰኞ ማታ እንበላዋለን። አሁን ሀውላን ጥሪያትና ከጊፍቲ ጋር ትቀመጥ።»