ቀይ ፕላስተር የሌለው ኮዳ

የምስክሩ መጠሪያ፦ «ወጌሻው» (ሙሉ ስሙ በማኅደሩ ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል)
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የብስክሌት ቡድን ወጌሻ
አድራሻ፦ ከብስክሌት መጠገኛው በላይ፣ 3ኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ግንቦት 17፣ ከጠዋቱ 4፡20

እኔ መጠሪያዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ በስምንት ቀኑ ውድድር ተሳታፊ የሆነውን ቡድን ለ19 ዓመት በወጌሻነት ያገለገልኩ ስሆን፣ የተጠየቅሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። ይህንኑ ለቡድኑ ሐኪም፣ ለውድድሩ ዳኞችና ከትናንት ወዲያ ለሌላ መርማሪ ተናግሬአለሁ። የዛሬው አራተኛዬ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብኛልና ይህኛው እንኳ በትክክል ይጻፍልኝ።

የተጠረጠረው ተወዳዳሪ የእህቴ ልጅ ነው፤ ዕድሜው 24 ነው። በአምስተኛው ቀን ዳገቱን ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። ሁለተኛውን በ1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ በልጦ የመሪነቱን ማልያ ለበሰ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጋዜጠኞቹ በሬ ወለደ ወሬያቸውን ጻፉ፤ የእህቴ ጎረቤት ሳትቀር ደውላ «ለመሆኑ ምን አብልታችሁት ነው?» አለችኝ። ልጁ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ሲለፋ ግን ማንም ምን በላ ብሎ አልጠየቀም።

በስድስተኛው ቀን የሰጠው ሽንት ሲመረመር የሚያሸና መድኃኒት ተገኘበት። መድኃኒቱ ጉልበት አይሰጥም፤ የተከለከለበት ምክንያት ሌላ አበረታች መድኃኒት ይደብቃል ተብሎ ነው። ከዚያ የእኔ ክፍል ተፈትሾ ነጭ ዱቄት የነካቸው ሁለት ማንኪያዎች ተገኙ። ፈንጂ ያገኙ ይመስል በጓንት አንስተው አሸጓቸው። ዱቄቱ ያው የሚያሸናው የደም ግፊት ክኒኔ ነው። ክኒን ሙሉውን መዋጥ አልችልም፣ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በሁለት ማንኪያ መሃል ፈጭቼ ኮዳ ውስጥ በጥብጬ እስከ ምሳ ሰዓት ቀስ እያልኩ እጠጣዋለሁ። የሐኪም ማዘዣው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እሱን ዞር ብሎ ያየው የለም።

በቡድናችን አሠራር የተወዳዳሪ ኮዳ አንገቱ ላይ ቀይ ፕላስተር ይጠመጠምበታል፤ ፕላስተር የሌለው የሠራተኛ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ። በስድስተኛው ቀን ከቀኑ 6፡40 ላይ ውሃ ለማቀበል መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ተወዳዳሪዎች ሳይቆሙ ከእጃችን ተቀብለው ነው የሚያልፉት። የእህቴ ልጅ ሲቀበለኝ ኮዳው አምልጦት ወደቀ። «ጋሼ፣ ሌላ፣ ሌላ» አለኝ። ሳጥኑ ከኋላዬ ስለነበር ዞሬ እስካነሳ ያልፈኛል ብዬ፣ ከጎኑ እየሮጥኩ በግራ እጄ የነበረውን ሰጠሁት። የሰጠሁት የራሴን ነበር። ክኒኑ ትዝ ያለኝ የምርመራው ውጤት ሲነገር ነው።

ይህን ስናገር ሁሉም «አጎቱ ስለሆንክ ልታድነው ነው» ብለው አላመኑኝም። ለተወዳዳሪ የተከለከለ መድኃኒት የሰጠ እንደሚታሰር ተነግሮኛል። ልታሰር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገር ግን የውድድሩ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነገ ልጁን ለአራት ዓመት ሊያግደው ነው።

መርማሪው አሁን ልጁ ትናንት የፈረመውን ቃል አሳየኝ። መድኃኒቱን ራሱ ገዝቶ፣ አጎቱ ሳያውቅ፣ በመርፌ እንደወሰደ ይላል። እኔን ሦስት ጊዜ ያላመኑ ሰዎች እሱን በአንድ ገጽ አመኑት። የእኔ መድኃኒት በመርፌ አይሰጥም፤ ልጁ ምን እንደጠጣ እንኳ አያውቅም። ከፍተሻው ወዲህ እንዳንገናኝ ስለተከለከልን አልነገርኩትም። እንግዲህ ክፍሌ መፈተሹን ሲሰማ አጎቴ አንድ ነገር አድርጎብኛል ብሎ አምኗል ማለት ነው። አምኖም በእኔ ፈንታ ፈርሟል። በጣም ተናድጃለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው፤ የተጨመረበትም የጎደለበትም የለም። ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ፦ ይህ ቃል ነገ ለኮሚቴው ከመነበቡ በፊት ዛሬውኑ ለልጁ ይነበብልኝ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________