አየር እንዳይገባው

ወልድያ፣ የእሸቴ ፎቶ ቤት ጓዳ፤ እሸቴ የፊልም ማጠቢያውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንስቶ ሚስቱን ትርንጎን ያፋጥጣል።

እሸቴ፦ ትናንት የጨመርኩበት ብይ ሁሉ ከወጣ ጠርሙሱ መጉደል ነበረበት። ይኸው፣ አንድ ብይ የለበትም፣ ግን እስከ አፉ ሞልቷል። ማጠቢያ እንደ ሊጥ ኩፍ አይልም።

ትርንጎ፦ ሞላ ብሎ የሚቆጣ ሰው ዛሬ አየሁ።

እሸቴ፦ ቀለሙን እዪው እስቲ። ትናንት ጠጅ ይመስል ነበር፣ ዛሬ ብርዝ ሆኗል። ማነው ውሃ የጨመረበት?

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ።

እሸቴ፦ አንቺ?

ትርንጎ፦ አንተው አይደለህ «ከጎደለ አየር ገብቶ ያበላሸዋል፣ ሁልጊዜ እስከ አፉ ይሙላ» የምትለው?

እሸቴ፦ በብይ ነዋ! ብይ ስጨምርበት ፈሳሹ ከፍ ይላል፣ አየሩ ቦታ ያጣል፣ ማጠቢያው እንደወፈረ ይቆያል። ውሃ የሚገባው ፊልሙ ሊታጠብ ሲል ነው፤ ያውም ለዕለቱ የምትበቃው ብቻ ተቀድታ። አንዴ ከቀጠነ አያድርም።

ትርንጎ፦ መጨረሻው ውሃ ከሆነ ቀድሞ ቢገባ ምን አለበት? ጠላም ሲያልቅ ውሃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይሆናል።

እሸቴ፦ በቅራሪ የሰከረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ትርንጎ፦ አጎትህን።

እሸቴ፦ አትቀልጂ፣ በዚህ የሚታጠበው የአባትሽ ፊልም ነው፤ ሌላ ማጠቢያ የለኝም። ያገባሁሽ ጊዜ «ጥላ ሻጭ ልጄን ወሰደ» አሉ፤ እስከ ዛሬም ስሜን አልጠሩም። ትናንት ስንት ተለምነው አንዴ ለፎቶ ተቀመጡልኝ። ነገ ማለዳ ወደ ላስታ ይመለሳሉ። ባዶ እጃቸውን ከሄዱ፣ «ድሮም ብያለሁ» ነው የሚሉት፤ ሁለተኛ ይህን ደጅ አይረግጡትም።

ትርንጎ፦ ታዲያ በዚሁ እጠበዋ።

እሸቴ፦ ምን ያህል ውሃ እንደገባበት ሳላውቅ? ፊታቸው ጉም ለብሶ ሊወጣ! ዞር በይ፣ ልድፋው።

ትርንጎ፦ አይደፋም።

እሸቴ፦ ለቧንቧ ውሃ ነው በር የምትዘጊው?

ትርንጎ፦ ከቧንቧ ነው አልወጣኝም።

እሸቴ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከየት ነው?

ትርንጎ፦ ጠበል ነው። ጠበል ደግሞ እንደ እጣቢ ሜዳ ላይ አይደፋም።

እሸቴ፦ ጠበል... አንቺ መቼ ጠበል ሄድሽ?

ትርንጎ፦ አልሄድኩም። አባባ ለወገባቸው ብለው ካመጡት ነው። የሞሉትም እሳቸው ናቸው፤ እንዳትቆጣቸው ብዬ ነው እኔ ነኝ ያልኩህ።

እሸቴ፦ አባትሽ እኔ ጓዳ ገብተው?

ትርንጎ፦ ትናንት ብይ ስትጨምር በበሩ አይተውህ ኖሯል። «ምን ያህል ቢቸግረው ነው ጠርሙሱን በጠጠር የሚሞላው?» አሉኝ። ከጎደለ ይበላሻል አልኳቸው። ጠዋት ሳህን ላይ ገልብጠው ብዮቹን ለቀሙ፣ መልሰው ቀዱት፣ የጎደለውን በጠበል ሞሉት።

እሸቴ፦ ለወገባቸው ያመጡትን?

ትርንጎ፦ «ወገቤስ ለምዶታል» አሉ።

እሸቴ፦ እኔ እኮ... ሌላስ ምን አሉ?

ትርንጎ፦ «የአማቼ እንጀራ እንዳይበላሽ» አሉ።

እሸቴ፦ አማቼ?

ትርንጎ፦ በእነዚህ ጆሮዎቼ።

እሸቴ፦ መቀሱን አንሺ። ከዚያ ብርሃን ካቃጠለው ፊልም ጫፉን ቁረጪና ከማጠቢያው በስኒ ቀድተሽ ንከሪበት። ከጠቆረ ማጠቢያው ነፍስ አለው።

ትርንጎ፦ ይኸው። ...ምንም አይልም።

እሸቴ፦ ታገሺ፣ ቀጥኗል እኮ።

ትርንጎ፦ አመድ መሰለ። ...ጠቆረ፣ እሸቴ! ጠቆረ!

እሸቴ፦ ዘገየ እንጂ ጠቁሯል። ብዙ ካቆየሁት ፊታቸው ይወጣል። ሂጂ፣ አባባን ጥሪልኝ።

ትርንጎ፦ ልትቆጣቸው ነው?

እሸቴ፦ ፊልሙ ሊታጠብ ስለሆነ አሁን ጠብታ ውሃ ቢገባ ግድ የለም፤ የተረፈ ጠበል ካላቸው ይዘው ይግቡ።