የቀሩት አምስት ጢንዚዛዎች

— ሄሎ?... አቤት፣ ምልኬሳ ነኝ። ማን ልበል?... ሰብሪና! አካም ጂርታ? ደህና ነሽ?... ቆይ አንዴ... ቡዜ፣ ልትወጪ ነው? ሬዲዮኑን ዝጊልኝና ሂጂ። የድሮ ተማሪዬ ናት፣ አዲስ አበባ ሙዚየም የምትሠራው።

— እሺ ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?... የላክሁልሽን ጢንዚዛዎች አየሻቸው?... በማይክሮስኮፕ... እ... የጀርባቸውን ቢጫ መስመር ተይው፤ እሱማ ከታወቀው ከዝዋዩ ጢንዚዛ ጋር አንድ ነው። ሰው ሁሉ የተሳሳተው በሱ ነው። የወንዱን ብልት አወጣሽው? ዝርያው የሚለየው በሱ ነው... ጫፉስ?... የተቆለመመ! አላልኩሽም? የሌሎቹ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው እኮ።

— ምን አልሽ? ድገሚልኝ... ራሱን የቻለ ዝርያ... ይህን ካልኩ አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው፣ ሰብሪና። ጡረታ ስወጣ "ትል ለቃሚው" እያሉ የሳቁብኝ መምህራን... አሁን ለማን ልንገር? ግማሾቹ የሉም።

— ተጨማሪ ናሙና?... ሄጄ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት፣ አርሲ ነገሌ ድረስ። የለቀምኳቸው ኩሬ የለም... ኧረ መድረቅ ብቻ አይደለም፣ ጥቅል ጎመን ተተክሎበታል! ዳር ዳሩን ስዞር አንዲት ሴትዮ "አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?" አለችኝ። ምን ልበላት? ጎመን ገዝቼ ተመለስኩ... ሌላም ቦታ አይቻለሁ፤ እስከ ዝዋይ ድረስ ሦስት ቦታ መረብ ጣልኩ። የወጣው ያው የታወቀው የዝዋዩ ነው።

— አዎ፣ እኔ ጋ አምስት ቀርተዋል... ሁሉንም ለሙዚየሙ ልስጥ?... አንድ እንኳ አይቀርልኝም?... ገባኝ፣ ሌሎችም አይተው እንዲያመሳክሩ። እኔው አይደለሁ ያስተማርኩሽ... ግን... ባለቤቴ ሶረቲ ከሞተችብኝ ወዲህ ጠዋት ተነስቼ የማየው እነሱን ነው። ሣጥኑን እከፍታለሁ፣ ጉንዳን ገብቶ እንደሆነ አያለሁ፣ አቧራውን አራግፋለሁ። ሥራ አለኝ ብዬ ነው ከአልጋ የምወርደው።

— ይቅርታ?... አይ፣ አንቺማ ምን አጠፋሽ። ለነሱም እዚያ ይሻላቸዋል። እኔ ስሞት ማን ምን መሆናቸውን ያውቃል? ቡዜ ቤቱን ስታጸዳ ጠርጋ ትጥላቸዋለች... በሰው አልልክም፣ እግራቸው ይሰበራል። ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት።

— በኔ ስም ልትሰይሙት?... ተይ እባክሽ። የኩሬውን ስም ስጡት። ቡርቃ ዲማ ነበር የሚባለው፣ ቀዩ ምንጭ። እዚያ ውሃ እንደነበረ የሚናገር አንድ ነገር ይኑር።

— እንዴ፣ ልትዘጊው ነው?... ስብሰባ... እሺ፣ እሺ፣ ሂጂ። እኔን ምን አስቸኮለኝ... ሰብሪና፣ አንዴ! ሐሙስ ሣጥኑን ካስረከብኩሽ በኋላ... ማለቴ፣ ሥራ ካልበዛብሽ... ምሳ አብረን ብንበላ ምን ይመስልሻል?... ሄሎ?... ትሰሚኛለሽ?... ሄሎ?