ጋሼ ካሉ አለቀ

ከያዮ ወደ መቱ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ላሉት ሽማግሌ ቆሎ ዘረጋችላቸው።

"ጋሼ፣ ይያዙ።"

"ይቅርብኝ ልጄ። ጥርሶቼን ባለፈው ክረምት ነው ያስተከልኳቸው፣ ቆሎ አይችሉም።"

"አይመስሉም እኮ!"

"መሥሪያ ቤትም የሚያውቅ የለም። የቡና መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ቡናው መድረቁን ፍሬውን ነክሼ የምናገረው እኔ ነኝ። ስንት ዘመኔ!"

"አሁን እኮ እርጥበት የሚለካ ማሽን አለ።"

"አለ። አለቃችን ያንቺ እኩያ ነው፣ እሱ አመጣው። ትናንት ማሽኑ 'እርጥብ ነው' አለ። እኔ ነክሼ 'ደርቋል' አልኩ።"

"ከዚያስ?"

"ማሽኑን አጠፋው። 'ጋሼ ካሉ አለቀ' ብሎ ፈረመ። ቡናው ገብቶ ከሌላው ጋር ተደባለቀ።"

"እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!"

"የሚያስፈራኝስ ጨዋነቱ አይደል? ቢከራከረኝ እሺ እል ነበር።"

"ቡናው ግን ደርቋል?"

"እንጃ። በዚህ ጥርስ ደረቁም እርጥቡም አንድ ነው።"

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ቢሻግትስ?"

"የሚጠየቀው የፈረመው ነው።"

"ታዲያ አሁኑኑ ይደውሉለት! ስልክ ከሌለዎት በእኔ ይደውሉ።"

"ስልክስ አለኝ ልጄ። ድፍረቱ ነው የጠፋው።"

ወዲያው ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ። አውጥተው አዩት።

"እሱ ነው።"

"ያንሱታ፣ ጋሼ!"

"ምን ልበለው?"

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሲያበቃ፣ እኔ ከኋላቸው ሆኜ ጥርሶቼን በምላሴ አንድ በአንድ እየዳበስኩ ነበር።