ዓይንን ከየትኛው ሱቅ ገዛነው?

የሕፃናት ማቆያው ልብስ አጣቢ እማማ መቀስ፣ የተጣጠፈ አንሶላ እስከ አገጫቸው ተሸክመው በኮሪደሩ ሲያልፉ፣ ወጣቱ ዳይሬክተር ከቢሮው ብቅ አለና ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም። መቀስ የተባሉት ጨርቅ ስለሚቆርጡ አይደለም፤ በአፋቸው ነው።

«እንኳን አገኘሁዎት እማማ» አለ ፖስታ እየዘረጋ። «የዚያች ከሌላ አገር የመጣች ዝምተኛ ልጅ እናት ስትመጣ ይህን ይስጡልኝ። እኔ ስብሰባ አለብኝ።»

«ምን ይላል?»

«የቢሮ ጉዳይ ነው።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያልገባኝን ወረቀት ግን ለሰው አላቀብልም። አንብብልኝ።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። ልጅቷ አራት ዓመት ሞልቷት መናገር ስለማትችል ከነገ ጀምሮ ማቆያው አይቀበላትም ይላል።

እማማ መቀስ አንሶላውን አግዳሚው ላይ ዘረገፉት።

«መናገር አትችልም? ማነው ያለው? እኔ ጋ ስትመጣ እኮ አፏ አይዘጋም! ከባልዲ ባልዲ እየተከተለች ስትለፈልፍ ነው የምትውለው። ዝም ያሰኛት ግድግዳ ላይ የለጠፍከው ማስታወቂያህ ነው። በቤቷ ቋንቋ አንድ ቃል ከተነፈሰች ብቻዋን ትቀመጥ ተባለ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ! ሕፃን ናት ወይስ ወንበዴ?»

«አይቆጡ እማማ፤ ለራሷ ብዬ ነው። ሁለት ቋንቋ ሲደባለቅባት ግራ ይገባታል። የእነሱ ቋንቋ ደግሞ ከእኛ ጋር ምንም አይገናኝም።»

«ሰምተኸዋል?»

«በር ላይ ሲያወሩ እሰማለሁ። ጫጫታ ነው።»

ይህ ሰው አሥራ ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጧል። ጆሮውን ግን ይዞ መሄዱን እንጃ።

«መጀመሪያ ቀን ሳሙናዬን ‹ሳቡን› አለችኝ» አሉ እማማ። «የልጅ አፍ መስሎኝ ስቄ ዝም አልኩ። በነጋታው እናትየዋን ብጠይቃት፣ ለካ በቋንቋቸው ስሙ ነው።»

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። «ሳሙና የነጋዴ ዕቃ ነዋ! ዕቃ ሲሻገር ስሙም አብሮት ይሻገራል። ይሄ ዝምድናን አያሳይም።»

«ጎሽ፤ ሳሙናን ተውኩልህ። ዓይንስ? እነሱም ‹ዓይን› ነው የሚሉት። ደሙን ‹ደም›፣ ራሱን ‹ራስ›። እስቲ ንገረኝ፣ ዓይንን ከየትኛው ሱቅ ገዛነው? ደማችንን የትኛው ነጋዴ መዝኖ ሸጠልን?»

«አንዳንዴ በአጋጣሚም…»

«አንዱ አጋጣሚ ይሁን። ሁለቱም ይሁን። እኔ የእጄንም የእግሬንም ጣት እስክጨርስ ቆጥሬያለሁ። አጋጣሚ ነው የምትለው አንተ፣ አንድም ሳትቆጥር ነው!»

በዚህ መሃል የልጅቷ እናት፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣ ዱቄቷን ሳታራግፍ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ልጅቷ ብቻዋን ከተቀመጠችበት የኮሪደሩ ጥግ አግዳሚ ዘላ ሮጠች። እናትየዋ አቅፋት በጆሮዋ አንድ ቃል አንሾካሾከች፤ ወዲያው ዳይሬክተሩን አየችና ደነገጠች።

«ምን ብላ ነው የጠራቻት?» አሉ እማማ።

«አላውቅም።»

«አፍ አለህ አይደል፤ ጠይቃት!»

ጠየቃት።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች እናትየዋ እየተንተባተበች። «በእኛ ቋንቋ ‹እናቴ› ነው ያልኩ። ልጄ ነች፤ ግን ‹እናቴ› እላታለሁ። እኛ ስንወድ እንዲህ ነው።»

እማማ መቀስ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። «አንተንስ እናትህ ምን እያለች አሳደገችህ?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ።

«አባቴ» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «‹አባቴ› ነበር የምትለኝ።»

«ይሄንንም ነጋዴ አመጣው በለኛ!»

አላለም። ተንበርክኮ በጣቱ ዓይኑን ነካና ልጅቷን «ይሄ ምንድነው?» አላት። ልጅቷ እናቷን አየች፣ እማማን አየች፣ ከዚያ ከጉሮሮዋ ሥር «ዓይን» አለች። እሱም ደገመው። ራሷን ነቀነቀች፤ አልተስማማትም። እንደገና ሞከረ፤ አሳለው። በሦስተኛው ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች፣ ጉሮሮውን በጣቷ እየነካች ከዚህ አውጣው አለችው። ፖስታው እዚያው ተቀደደ፤ ማስታወቂያውም ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ሞግዚቶቹ አዲሱን ቃል ልጁ ከቤቱ ይዞት ከመጣው ቃል ጋር እያጎዳኙ ያስተምራሉ። ልጆቹ ቶሎ ይይዛሉ፤ የሚመሳሰለውን ይዘው የማይመሳሰለውን ይደርሱበታልና። አንድ ቀን ትኩሳት የያዘው ልጅ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ራስ» ሲል፣ ሞግዚቷ አስተርጓሚ ሳትፈልግ ሐኪም ጠራች። በር ላይ ልጃቸውን ጥለው ይሸሹ የነበሩ እናቶችም ገብተው ይጠይቃሉ፣ ይጠየቃሉ። አፉን የተዘጋ ልጅ ግን የራሱንም የሰውንም ቋንቋ ያጣል። ይህን ለማወቅ ጆሮ እንጂ ዲፕሎማ አያስፈልግም ነበር።

ከወር በኋላ ዳይሬክተሩ ሊያመሰግን ማጠቢያ ክፍል መጣ።

«ምስጋናህን ያዝ» አሉት እማማ መቀስ፣ ቀና ሳይሉ። «አሥራ አንድ ቀን የዘጋኸው የእኔን አፍ አይደለም። ሄደህ እሷን ይቅርታ ጠይቃት፤ ያውም በቋንቋዋ። ቃሉን ካላወቅከው እናቷ በር ላይ ቆማለች።»

ዳይሬክተሩ ክራቫቱን አስተካክሎ ወደ በሩ ሄደ፤ ገና ሳይደርስ ጉሮሮውን መጠራረግ ጀምሮ ነበር።