ድንክ የሚሏት ዓሣ

ሟቹ ባለቤቴ ጀምሮ ያልጨረሰውን የወንዝ አፍ ካርታ ለመፈጸም በሄድኩበት ሰሞን፣ ጀልባችን ጭቃ ላይ ተቀመጠች። ወንዙ እዚያ ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ወደ ባሕር ይገባል፤ ባሕሩ ሲሸሽ የቦዮቹ ውሃ አብሮ ይሸሻል። እስኪመለስ ድረስ ቀዛፊው አንድ የዓሣ ማድረቂያ ዳስ አሳየኝ። ጫማዬን አውልቄ በጭቃው ተሻገርኩ።

በዳሱ ሥር የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች አለቃ የሆኑ ሽማግሌ ከእህታቸው ልጅ ጋር ይከራከራሉ። ልጅቱ ኮሌጅ ጨርሳ በመንደሩ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች።

"ይቀመጡ፣ እሜቴ። ይህቺ መምህርት የአባቴን መረብ ልትቀማኝ ነው፤ ይፍረዱኝ" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎርፍ ወራት ውሃው ሸንበቆውን ሲያጥለቀልቅ፣ ጣት የማታህል ዓሣ በውስጡ ትፈላለች። መንደርተኛው "ድንክ" ይላታል፤ ወንፊት በመሰለ መረብ ጠርጎ ያደርቃታል። ትልቁ ባለጢም ዓሣ፣ አምባዛ ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ ጠፍቷል። ከአርባው ቤት አሥራ አንዱ በሩን ዘግቶ ከተማ ገብቷል። ልጅቱ በጎርፍ ወራት ሸንበቆው ይዘጋ ትላለች። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ፤ የአጎቷ ቃል ካልታከለበት የሚሰማት የለም።

"አምባዛውን የጨረሰው ሻላ ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ጭቃው ላይ ወደቆሙት ወፎች በአገጫቸው እያመለከቱ። "ያንን ከረጢት አገጭ አታዪም?"

"ሻላ ዱሮም ነበረ፣ አጎቴ። ያኔ ለሁላችንም ይተርፍ ነበር። ድንክ የምትሏት የአምባዛ ልጅ ናት። ጢሟን አላዩም?"

"ፍየልም ጢም አላት። ሽማግሌ ናት ብዬ ከመቀመጫዬ ልነሣላት?"

ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቱም ፈገግ አለች፤ ግን አልተበገረችም።

"አባቴም ድንክ አሏት፣ አያቴም። ድንክ ድንክን ትወልዳለች፤ በቃ" አሉ።

ስም አንዴ ከወጣ በኋላ ዓይንን ያሳርፋል። እኚህ ሰው የውሃውን ቀለም አይተው ጎርፉ የሚደርስበትን ቀን ይናገራሉ፤ በእጃቸው ያለችውን ዓሣ ግን ስሟ ጋርዶባቸዋል።

"ዓሣ መሰንጠቅ ከጀመሩ ስንት ዓመትዎ ነው?" አለች ልጅቱ።

"ጥርስ ካበቀልኩ ጀምሮ።"

"እንቁላል የያዘች ድንክ አይተው ያውቃሉ?"

"ድንክን ማን ይሰነጥቃል? እንዳለች ነው የምትደርቀው።"

"እንግዲያው ዛሬ ይሰንጥቋት።"

"በእንግዳ ፊት ላሳፍርሽ ነው እንግዲህ" ብለው ቅርጫቱን ሳቡና ቢላ አነሡ። አንዷን ሰነጠቁ። ሁለተኛዋን። አሥረኛዋ ላይ ቀልዱን ተዉ። ልጅቱ ቅርጫቱን ብቻ አስጠጋችላቸው፤ ብልህነቷን ያየሁት ያኔ ነው። ከቅርጫቱ እኩሌታው አልቆ እንቁላል ያላት አንዲት ስትጠፋ ቢላውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ጎርፉ ሲገባ እንይዛት የነበረችው አምባዛ ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ያ ሁሉ እንቁላል የት ይደርሳል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ልጆቹን ነው ስናደርቅ የኖርነው።"

"የሄደው አይመለስም፣ አጎቴ። የሚመጣውን እናድን።"

እኔ ፊቴን ወደ ውሃው መለስኩ።

"ሕዝቡ እስከዚያው ምን ይብላ?" አሉ ሽማግሌው። ይህ እልህ አልነበረም፤ የአለቃ ጥያቄ ነበር።

"ሁለት ወር ነው። በዋናው ቦይ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለ፤ ዓይኑ በሰፋ መረብ በየተራ እንያዝ። ሸንበቆው ሳይረገጥ ሲያድግ ደግሞ ደለሉን ይይዛል፣ ዳርቻችንም አይናድም።"

በስብሰባው ላይ አንዱ አጥማጅ "ድንክን ከተውን ምን ቀረን?" ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው የተሰነጠቁትን በትሪ ይዘው ተነሡ።

"እኔ ድንክ የሚባል ዓሣ አላውቅም። ይህ የአምባዛ ልጅ ነው። የማያምነኝ ቢላው ይኸው፤ እንቁላል ያገኘ ያሳየኝ።"

ሦስት ሰዎች ሞከሩ። አራተኛ አልተነሣም፤ ሸንበቆው ተዘጋ።

ከሁለት ጎርፍ በኋላ በዚያ ሳልፍ አምባዛ ወደ ቦዮቹ ተመልሶ ነበር። ከተዘጉት ቤቶች ስድስቱ ተከፍተዋል፤ ዳርቻውም በሸንበቆ ጸንቷል። ሰው የማያውቀውን ሲነግሩት ይቆጣል፤ በገዛ እጁ ሲያገኘው ግን ራሱ ጠባቂ ይሆንለታል። ሽማግሌው በሸንበቆው አፍ ጀልባቸውን አስረው ተቀምጠው ነበር። ቀዛፊዬን ከሩቅ አዩትና "በዚያ ዙር፣ አንተ" አሉት፤ "ሸንበቆው ውስጥ ልጆች አሉ።"